ከመስኮቱ ጀርባ ውጣ

ዛሬ ስንት ሰው አስተናገድክ?

መቶ? መቶ ሃምሳ? ጎበዝ! ከነዚህ ውስጥ የስንቱን ፊት ታስታውሳለህ?

አትደንግጥ፣ ልወቅስህ አልመጣሁም። የሆስፒታል ፋርማሲ መስኮት ምን እንደሚመስል አሳምሬ አውቃለሁ። አንዲት ጠባብ ቀዳዳ። በቀዳዳዋ የገባ እጅ። እጁ ላይ የተጨማደደ ማዘዣ። "ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ። ቀጣይ!" እጁ ይወጣል፣ ሌላ እጅ ይገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ ይመሻል።

እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ያን ሁሉ ፋርማኮሎጂ የተማርከው፣ ዲፒሮ የሚባለውን መጽሐፍ ታቅፈህ ያደርከው፣ እጅ ስታይ ለመዋል ነው?

አይደለም! አንተም ታውቀዋለህ።

ይህን የምጽፈው ለፋርማሲ ተማሪውና ለወጣቱ ፋርማሲስት ነው። ሌላ ሙያ ላይ ያለኸውም ቆይ፣ አትሂድ። አንተም የራስህ መስኮት አለህ። አንቺም እኅቴ፣ "አንተ" እያልኩ ስለጻፍኩ ለወንዱ ብቻ ነው ብለሽ እንዳታልፊው። እንዲያውም ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች ታካሚዎችን በየአልጋው ሲጎበኙ፣ ደፍረው ሲናገሩ ካየኋቸው ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

አሁን ወደ ኋላ ልመልስህ። የአሜሪካ ፋርማሲስቶች ማኅበር በ1952 እ.ኤ.አ. የነበረው የሥነ ምግባር ደንብ ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ? ፋርማሲስቱ በማዘዣው ላይ ስላለው መድኃኒት ይዘትም ሆነ ስለሚሠራው ሥራ ከታካሚው ጋር እንዳይወያይ ያዛል። ታካሚው ከጠየቀም መልሱ አንድ ነው፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ገባህ? ስለ መድኃኒት አብዝቶ የተማረው ሰው ስለ መድኃኒት እንዳይናገር በደንብ ታግዶ ነበር። ዝምታው ደግሞ ጨዋነት ይባል ነበር።

"ዝም አይነቅዝም" ይላል ያገሬ ሰው። መድኃኒት ላይ ሲሆን ግን ይነቅዛል። ማንም ያላስረዳው ክኒን በማይሆን ሰዓት ይዋጣል፣ ከማይስማማው ጋር ይደባለቃል፣ ግማሹም ሳይዋጥ ኮመዲኖ ውስጥ ይከርማል።

ይህን ዝምታ ማን ሰበረው? አዋጅ? ዕድል?

ወደ ላይ የወጡ ሰዎች ናቸው። ወደ ዘጠነኛ ፎቅ!

ቦታው በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጊዜው 1966 እ.ኤ.አ.። የፋርማሲ ትምህርት ቤቱ መምህራንና የሆስፒታሉ ፋርማሲ ሰዎች ተማከሩና አንድ ሙከራ ጀመሩ። ሲድኒ ሪግልማን፣ ጄሪ ጎያንና ኤሪክ ኦዋንግ ከመካከላቸው ነበሩ። በሞፊት ሆስፒታል ዘጠነኛ ፎቅ፣ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች በተኙበት ዋርድ፣ አንዲት ትንሽ ፋርማሲ ከፈቱ። ቀንም ሌትም አትዘጋም። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን እዚያው ያዘጋጃል። የታካሚውን ካርድ ያነባል። ሐኪሙ ይጠይቀዋል፣ ነርሷ ትጠይቀዋለች። ተማሪውም አጠገቡ ቆሞ ያያል።

በቃ፣ ይኸው ነው። አዲስ ማሽን የለ፣ አዲስ ክኒን የለ። ሰዎቹ ታካሚው ወዳለበት ፎቅ ወጡ።

ዛሬ ክሊኒካል ፋርማሲ ከየት ተጀመረ ሲባል ያ ፎቅ ስሙ ይነሣል። ጎያን በ1979 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲመራ ተሾመ፤ ያን ወንበር የያዘ የመጀመሪያው ፋርማሲስት ነው። በእነዚያ ዓመታት እዚያው የተማረችው ሜሪ አን ኮዳ ኪምብል ደግሞ ከባልደረቦቿ ጋር በታካሚ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ሕክምናን የሚያስተምር ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አዘጋጀች፤ የመጀመሪያው እትም በ1975 እ.ኤ.አ. ወጣ። በኋላም ያንኑ ትምህርት ቤት በዲንነት መራች። "ኮዳ ኪምብል አለህ?" እያልክ ስትዋስ የሰው ስም መሆኑን ረስተኸው ከሆነ እነሆ አስታወስኩህ።

አሁን ልብ በል። እነዚያ ፋርማሲስቶች ሊፍቱ ውስጥ ሲገቡ ክሊኒካል ፋርማሲስት አልነበሩም። እዚያ ላይ ቆመው፣ ተጠይቀው፣ አላውቅም ብለው፣ ሄደው አንብበው ነው የሆኑት። አንተስ ምን እያልክ ነው? "መጀመሪያ ልብቃ፣ ከዚያ እወጣለሁ።"

ወንድሜ፣ ገለበጥከው! ውጣ፣ ከዚያ ትበቃለህ።

እሺ፣ ፍርሃትህን እናውራው። "ዶክተሩ ሰው ፊት ቢያሳፍረኝስ?"

ይህች ጥያቄ ስንቱን ጎበዝ በር ላይ አስቀርታዋለች! ራውንድ ላይ የት እንደምትቆም አውቃለሁ። ሲኒየሩ ፊት ነው። ሬዚደንቱ ቀጥሎ። ኢንተርኑ ካርድ ተሸክሟል። አንተ በሩ አጠገብ ነህ፤ ግማሽ አካልህ ዋርድ ውስጥ፣ ግማሹ ኮሪደር ላይ። ጥያቄው ይመጣል። መልሱን ታውቀዋለህ። ምላስህ ጫፍ ላይ ደርሷል።

ዋጥከው።

እንካ እንግዲህ ቁጥር። ቦስተን ውስጥ ባለው ማሳቹሴትስ ጀነራል ሆስፒታል፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ አንድ ፋርማሲስት ከሐኪሞቹ ጋር ጠዋት ጠዋት ራውንድ እንዲወጣ ተደረገ። ሉሲያን ሊፕና ባልደረቦቹ ጥናቱን በ1999 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። መድኃኒት ሲታዘዝ በሚፈጠር ስህተት የሚደርሰው፣ መከላከል ይቻል የነበረው ጉዳት፣ በ1,000 የታካሚ ቀናት ከ10.4 ወደ 3.5 ወረደ። 66 ከመቶ ቅናሽ! አንድ ሰው ከመደርደሪያው ተነሥቶ አልጋው አጠገብ ስለቆመ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። ፋርማሲስቱ በመድኃኒት ትእዛዞች ላይ 366 አስተያየት ሰጠ። ሐኪሞቹ ስንቱን ተቀበሉ? ገምት። ግማሹን?

362ቱን!

ውድቅ የሆኑት አራት ናቸው። አንተ እንቅልፍ አጥተህ የምትፈራው እነዚያን አራቱን ነው።

"እሱማ ልምድ ያለው ነው፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ" ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የተመደበው ሲኒየር ፋርማሲስት ነበር። ታዲያ ሲኒየር ሆኖ የተወለደ አለ? ልዩነቱ ዝግጅት ነው። ዝግጅት ደግሞ በውሳኔ ይጀመራል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ወስን። ነገ አንድ ታካሚ ትመርጣለህ። አሥር አይደለም፣ አንድ። ካርዷን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብብ። ኩላሊቷ እንዴት ነው? ክሪያቲኒኗ ስንት ነው? ጀንታማይሲን ታዞላት ከሆነ ዶዙ ከኩላሊቷ ጋር ይሄዳል? ሪፋምፒሲን ትወስዳለች? እዚህ ላይ ብሬክ ያዝ! ሪፋምፒሲን ብዙ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ እንዲወገድ ያደርጋል፤ ከቲቢው መድኃኒት ጋር የኤችአይቪውን ዶሉቴግራቪር የምትወስድ ከሆነ በቀን አንዴ የነበረው ሁለቴ መሆን አለበት። ይህን ከፈተና ወረቀት ላይ አውቀኸው ይሆናል። እዚህ ግን መልሱ የሚሰጠው ለፈታኝ አይደለም። አልጋ ቁጥር ሰባት ላይ ስም ያላት፣ ልጆች ያሏት እናት አለች።

ከዚያ ተናገር። እንዴት? "ተሳስተዋል" እንዳትል፤ ጠብ ለመግዛት አልሄድክም። "ዶክተር፣ ትናንት የወጣው ክሪያቲኒን ከፍ ብሏል፣ የጀንታማይሲኑን ዶዝ እንደገና ብናየው?" በል። ችግሩን ከነመረጃው አቅርብ፤ መፍትሔውንም በኪስህ ያዝ። "ታዲያ ስንት እንስጣት?" ሲባል ጣራ ጣራ የሚያይ ፋርማሲስት ሁለተኛ አይጠየቅም።

ድምፅህ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ይንቀጠቀጥ! በሦስተኛው ሳምንት አንተ ካልተናገርክ ሬዚደንቱ ዞሮ "ፋርማሲ ምን ይላል?" ማለት ይጀምራል። ያን ቀን ለእናትህ ትደውላለህ።

ደግሞስ መንገዱ ተጠርጎልህ የለ? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ከተጀመረ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቀድመውህ የተመረቁት ዋርድ የሚባለውን ነገር በወጉ ሳያዩ ነው የወጡት፤ የተማሩትም ባብዛኛው ስለ መድኃኒቱ እንጂ ስለሚውጠው ሰው አልነበረም። ያንተ ሥርዓተ ትምህርት አምስት ዓመት ነው፤ ክለርክሺፕ አለው፣ በየዋርዱ ትዞራለህ። ጅማንና ጎንደርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች በክሊኒካል ፋርማሲ ማስተርስ ያስተምራሉ። በሩ ተከፍቷል። በክለርክሺፕ ሰዓት ካፌ የምትቀመጠው ለምንድን ነው?

(ተቆጣሁ መሰለኝ። ይቅርታ። ግን ካፌው እውነት ነው።)

አሁን መስኮቱ ላይ ወዳለኸው ልመለስ። "እኔ ዋርድ አልተመደብኩም፤ መስመሩም ረዥም ነው" የምትለው። ሰማሁህ። አልዋሽህም፣ መድኃኒት ሲጠፋ ሞቲቬሽን መደርደሪያ አይሞላም። ሁለት ሰው ለአራት መቶ ታካሚ ሲመደብም የአስተዳደሩ ችግር ነው፤ አንተ የሚያነቃቃ ቃል ስለሰማህ አይፈታም። ነገር ግን አንድ ነገር በእጅህ ነው። አፍህ!

በአሜሪካ የአገሪቱን ነባር ሕዝቦች የሚያገለግለው የጤና ተቋም ፋርማሲስቶች ሦስት ጥያቄዎች አሏቸው። ሙያው ውስጥ እስከ ዛሬ ይማሩባቸዋል። ይህ መድኃኒት ለምን እንደሆነ ሐኪምዎ ምን አሉዎት? እንዴት ይውሰዱ አሉዎት? ምን ለውጥ ይጠብቁ አሉዎት? ሦስት ብቻ። ብልሃታቸው የት ላይ ነው? ታካሚው ራሱ እንዲናገር ያደርጋሉ። "ገባዎት?" ስትለው ሁሉም ሰው "አዎ" ይላል። ይሉኝታ ያለበት አገር ውስጥ "አልገባኝም" ብሎ መስኮት ላይ የሚቆም ማን አለ? "እንዴት ይውሰዱ አሉዎት?" ስትለው ግን የማያውቀው ወዲያው ይታያል።

የአክስቴን ነገር ላጫውትህ።

አክስቴ የደም ማነስ አለባት ተባለና የብረት ክኒን ታዘዘላት። ከአንድ ሆስፒታል መስኮት ተቀበለች። "በቀን አንድ።" እሺ ብላ ወሰደች። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። እሷ እንደሆነች መድኃኒት የምትዘነጋ ሴት አይደለችም፤ ከእግዚአብሔር ቀጥላ የምትፈራው ሐኪም ነው። ደሟ ግን ንቅንቅ አላለም። ድካሙ እንዳለ ነው። ሌላ ምርመራ ሊታዘዝላት ሆነ። ቤተሰቡም "ሌላ ነገር ይሆን?" እያለ በሹክሹክታ መጨነቅ ጀመረ።

በቀጠሮዋ ቀን አንዲት ለክለርክሺፕ የወጣች የፋርማሲ ተማሪ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅ ናት፤ ጋወኗ ሰፍቷታል። "እማማ፣ ክኒኑን በምንድን ነው የሚውጡት?" አለቻት።

"በቡና ነዋ ልጄ! በአቦሉ። ሆዴን እንዳይረብሸኝ ብዬ።"

ልጅቷ አልሳቀችም። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ እንደሚይዙት በቀላል ቃል አስረዳቻት። ቡናውን ተዪ አላለቻትም፤ ብልህ ናት፣ አክስቴን ቡና ተዪ ማለት እስትንፋስ ተዪ ማለት ነው። ክኒኑን ጠዋት በውኃ፣ ቡናውን ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ እንድታደርገው ተስማሙ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደሟ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ለምርመራ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ቀረ። የቤተሰቡ ሹክሹክታ ቀረ። ምን አስቀረው? አንድ ጥያቄ። ስንት ደቂቃ ወሰደ? ቡና አይፈላበትም!

"መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ" የሚባለው ለጠያቂው ነው። እኔ ለተጠያቂውም ብዬ እጨምርበታለሁ፤ አክስቴ ሊቅ ሆናለች።

ወደ ጥናት ልውሰድህ። "ሪሰርች" ሲባል ፊትህ ይጠቁራል፣ አይደል? አራተኛ ዓመት ላይ ርእስ ጠፍቶህ የሲኒየርህን ፕሮፖዛል ከተማውን ቀይረህ ያቀረብከው ትዝ አለህ? አትፈር፣ ብቻህን አይደለህም። ግን ርእስ የጠፋህ ርእስ ስለሌለ ነው?

ዓይንህ ስላልተከፈተ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ነበሩ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ይህን ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም። እሳቸው ግን ከማጠቢያው በታች ባለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ብልሃርዝያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እዚያው ቆሙና ጠየቁ፤ ምን ገደላቸው? ከዚያች ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራ ወጣ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ የምርምር ተቋም በስማቸው ይጠራል። እንዶዱ ሺህ ዘመን እዚያው ነበር!

ያንተስ ወንዝ ዳር የት ነው? መስኮትህ ነው። ዋርድህ ነው። ስንት ሴቶች ብረትን በቡና ይውጣሉ? ከአስም ታካሚዎችህ ስንቶቹ ኢንሄለሩን በትክክል ይስባሉ? ለግፊት መድኃኒት በወሩ የሚመለሰው ማን ነው፣ የሚቀረውስ ማን ነው፣ ለምን? ይህ ሁሉ ጥናት ነው። ትንሽ ደብተር ግዛ። ኪስ የምትገባ። በየቀኑ አንድ ያስገረመህን ነገር ጻፍ። አንድ መስመር። ስድስት ወር ጠብቅና ክፈተው፤ ርእስ መምረጥ ያስቸግርሃል።

መምህሬ፣ እርስዎንም አልረሳሁም። ስላይዱ ስንት ዓመቱ ነው? ዋርድ ከገቡስ? ተማሪው እርስዎ የሚሉትን ሳይሆን የሚቆሙበትን ነው የሚከተለው። በሳምንት አንድ ጠዋት ይውጡ። ጥናትዎም ከቢሮ ሲወጡ ነፍስ ይዘራል።

ደግሞ ዋርድም መጨረሻው አይደለም። በሎስ አንጀለስ ሮናልድ ቪክተር የተባሉ የልብ ሐኪምና ቡድናቸው ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ለደም ግፊት ወደ ክሊኒክ እንደማይመጡ አዩ። ታዲያ የት ይሄዳሉ? ፀጉር ቤት! ስለዚህ ፋርማሲስቶቹን ፀጉር ቤት ላኳቸው። 52 ፀጉር ቤቶች፣ 319 ወንዶች። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ያበረታታል፤ ፋርማሲስቱ እዚያው ግፊቱን ይለካል፣ ከሐኪሙ ጋር በተደረገ ስምምነት መድኃኒቱን ያስተካክላል። በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ታተመ። በስድስት ወር የላይኛው ግፊት በአማካይ 27 ነጥብ ወረደ። ፋርማሲስት ባልሄደባቸው፣ ፀጉር አስተካካዩ ብቻ "ሐኪም ጋ ሂድ፣ አመጋገብህን አስተካክል" ባለባቸው ፀጉር ቤቶች ደግሞ 9 ገደማ።

27 እና 9! ምክሩ ሁለቱም ጋ አለ። ሰውየው አጠገብ የቆመው ፋርማሲስት ግን አንዱ ጋ ብቻ ነው።

እስቲ አሁን ተነሥ። ጋወንህን እጠበው፣ ደብተሯን ኪስህ ክተት፣ የነገዋን አንድ ታካሚ ምረጥ። መስኮት ላይ ከሆንክ ከመጀመሪያው እጅ በኋላ ጎንበስ በልና ፊቱን እየው። ስሙን ጥራው። ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዷን ጠይቅ። ለሁሉም ባይደርስ ለአሥሩ፣ ለአሥሩ ባይደርስ ለአንዷ።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። አንዲት እርጉዝ ጎረቤት መጥታለች። ቦርሳዋን ከፍታ ክኒን አወጣች፤ ያቺው የብረት ክኒን። አቦሉ ተቀድቶ እጇ ላይ ነው። አክስቴ ጀበናውን አስቀመጠች።

"ቆይ ቆይ" አለች፣ "አንቺ ልጅ፣ እሱን በምንድን ነው የምትውጪው?"